ከሩቅ መወርወር ወይስ ሪንጉ ሥር መግባት? ለአንዲት የጎንደር የስፖርት መምህርት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «አዘዞ አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርት ነኝ። ከክፍል በኋላ ወንዶችንም ሴቶችንም ቅርጫት ኳስ አሠለጥናለሁ። ልጆቹ በስልክ የሚያዩት ሁሉ ከሩቅ የሚገባ ኳስ ስለሆነ ገና ሰውነታቸውን ሳያሟሙቁ ከባለ ሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ቆመው ይወረውራሉ። በወጣትነታቸው በከተማችን የተጫወቱ አንድ አንጋፋ ደግሞ ‹ቅርጫት ኳስ ማለት ሪንጉ ሥር ነው፤ ረጅሙን ልጅ ከሥር አቁሚው፣ ሌላው ኳስ ያድርስለት› ይሉኛል። ጨዋታው በእርግጥ ተቀይሯል? ከተቀየረስ አንድ ሪንግና ጥቂት ኳሶች ይዤ ምን ላስተምራቸው? የሜዳችን ቀለምም አርጅቷል፤ ከሪንጉ ሥር ያለው ክልል ወደ መጨረሻው መስመር ሲጠጋ እየሰፋ የሚሄድ ነው። ልክ ነው?»

ምላሽ፦

የተከበሩ መምህርት፣

እዚሁ ጎንደር ወጣቶችን በማሠልጠን ሥራ ላይ ስላለሁ ያነሡት ነገር በየሜዳው የማየው ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ። አዎ፣ ጨዋታው ተቀይሯል። ልጆችዎም አንጋፋውም ከእውነቱ ድርሻ አላቸው። ልጆቹ ለውጡ ያስከተለውን ነገር በስልካቸው ያያሉ፤ ለውጡን ያመጣውን ግን ስልኩ አያሳያቸውም። አንጋፋው በበኩላቸው ከሪንጉ ሥር የሚገኝ ዕድል ከሁሉ የተሻለ መሆኑን በትክክል ያውቃሉ፤ ሆኖም ዛሬ ወደዚያ ቦታ የሚደረሰው እርሳቸው በተጫወቱበት ዘመን በነበረው መንገድ አይደለም። ለሥልጠናዎ የሚጠቅምዎ የለውጡን ምክንያት ማወቅ ስለሆነ ከዚያ እጀምራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቅርጫት ኳስ በ1891 በአሜሪካ፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ በጄምስ ናይስሚዝ ሲፈጠር ኳስ እያነጠሩ መሄድ እንኳ በደንቡ ውስጥ አልነበረም፤ ኳስ የያዘ ተጫዋች ከያዘበት ቦታ ማቀበል ነበረበት። ከዚያ ወዲህ የአጨዋወት ስልት በተቀየረ ቁጥር ከበስተኋላው አብዛኛውን ጊዜ አንድ የደንብ ለውጥ እናገኛለን። በ1950 ፎርት ዌይን ፒስተንስ ሚኒያፖሊስ ሌከርስን 19 ለ18 ሲያሸንፍ ይህ የሙሉ ጨዋታው ውጤት ነበር። ሌከርስ ጆርጅ ማይካን የተባለውን የዘመኑን ኃያል ረጅም ተጫዋች ስለያዘ ተጋጣሚው ኳሱን ይዞ መቆየትን መረጠ፤ ወርውር ብሎ የሚያስገድደው ደንብም አልነበረም። ይህን ክፍተት የዘጋው በ1954 የሲራኪዩስ ቡድን ባለቤት ዳኒ ቢያሶኔ ያቀረበው የ24 ሰከንድ ገደብ ነው። ስሌቱ እንዲህ ነበር፦ ተመልካች በሚወደው ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ 120 ጊዜ ያህል ስለሚወረውሩ፣ የ48 ደቂቃው 2,880 ሰከንድ ለ120 ሲካፈል 24 ይሆናል።

የረጃጅሞቹን የበላይነት ለመቀነስም አጥቂ ከሦስት ሰከንድ በላይ ሊቆምበት የማይችለው የሪንጉ ሥር ክልል በ1951 ከ6 ጫማ ወደ 12 ጫማ እንዲሰፋ ተደረገ፤ ዊልት ቻምበርሌይን በ1962 በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ካስቆጠረ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ 16 ጫማ ሆነ። ሆኖም በዚያ ሁሉ ዘመን ከየትም ተወርውሮ የሚገባ ኳስ ዋጋው ሁለት ነጥብ ነበር። ዋጋው እኩል ከሆነ ደግሞ ቅርብ መሆን ይሻላል፤ ረጅሙን ከሪንጉ ሥር ማቆምም ትክክለኛው መልስ ነበር። የአንጋፋው ምክር የተገኘው ከዚህ ነው፤ ለዘመኑም ፍጹም ተገቢ ነበር።

ባለ ሦስት ነጥብ መስመር ወደ አሜሪካው የባለሙያዎች ሊግ ኤንቢኤ የገባው በ1979 ሲሆን የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባ በ1984 በ6.25 ሜትር ርቀት ተቀበለው። በ2010 ደግሞ ፊባ መስመሩን ወደ 6.75 ሜትር አራቀው፣ ከሪንጉ ሥር ያለውንም ክልል ወደ መጨረሻው መስመር ሲሄድ ከሚሰፋው ቅርጽ ወደ አራት ማዕዘን ለወጠው። ስለሆነም የእርስዎ ሜዳ ቀለም ከ2010 በፊት በነበረው ደንብ የተቀባ ነው፤ ባለ ሦስት መስመሩም ምናልባት አሁንም በ6.25 ላይ ይሆናል። እንደገና ሲያስቀቡ ከመጨረሻው መስመር ውስጠኛ ጠርዝ 1.575 ሜትር ወደ ሜዳው ገብተው፣ ልክ ከሪንጉ መካከል ትይዩ መሬቱ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ ነጥብ 6.75 ሜትር ገመድ ይዘው ቅስቱን ያዙሩ። በሁለቱ ጎኖች መስመሩ ቅስት መሆኑ ቀርቶ ከጎን መስመሩ 0.90 ሜትር ገባ ብሎ ቀጥ ያለ ይሆናል፤ በዚህም ምክንያት ማዕዘኑ ላይ ያለው ርቀት 6.60 ሜትር ብቻ ነው። የሪንጉ ሥር ክልል ስፋቱ 4.90፣ ርዝመቱ 5.80 ሜትር ነው። ይህን በዝርዝር የጻፍኩት በከንቱ አይደለም፤ ልጆች የሚያድጉት በተቀባላቸው መስመር ላይ ስለሆነ በ6.25 የለመደ ልጅ በትክክለኛው ሜዳ ላይ ሲወረውር ኳሱ ከሪንጉ ፊት ለፊት ይወድቅበታል።

በኤንቢኤ መስመሩ በገባበት የመጀመሪያ ዓመት አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ከመስመሩ ውጭ የሚሞክረው በአማካይ ከሦስት ያነሰ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን ከ35 አልፏል። መስመሩ ሠላሳ ዓመት ያህል ተሰምሮ ሳለ ለምን ያን ያህል ጊዜ ሳይሠራበት ቀረ? አንደኛው ምክንያት አሠልጣኞች ሒሳቡን ዘግይተው መሥራታቸው ነው። ይህን ሒሳብ ለልጆችዎ በጠመኔ ይጻፉላቸው። አንድ የሠለጠነ ተጫዋች ከሪንጉ ሥር ከ100 ሙከራ 60 ቢያስገባ 120 ነጥብ ያገኛል። ከሪንጉ አምስት ሜትር ያህል ርቆ፣ ግን ከመስመሩ ውስጥ ሆኖ ከ100 ሙከራ 40 ቢያስገባ 80 ነጥብ ያገኛል። ከመስመሩ ውጭ ከ100 ሙከራ 35 ብቻ ቢያስገባ 105 ነጥብ ያገኛል። የሪንጉ ሥር ዛሬም አንደኛ ነው፤ ሁለተኛው የሩቁ ነው፤ በመካከል ያለው በሒሳብ ተሸናፊ ሆነ። ስለዚህም በሩቁ ውርወራ የተተካው የመካከለኛው ርቀት ውርወራ እንጂ የሪንጉ ሥር ጨዋታ አይደለም። እርግጥ የመካከለኛው ርቀትም ፈጽሞ አልጠፋም፤ እንደ ኬቨን ዱራንት ያለ ተጫዋች ዛሬም ይተዳደርበታል። ይሁን እንጂ ብዙ ቡድኖች ያን ውርወራ ከዕቅዳቸው አውጥተውታል።

ሁለተኛው ምክንያት የመከላከል ደንብ ነው። ኤንቢኤ በ2001 የዞን መከላከልን ፈቀደ። ከዚያ በፊት ተከላካይ ሰውየውን ትቶ ቦታ መጠበቅ ስለማይችል፣ ለረጅሙ ተጫዋች ኳስ ማድረስና ከአንድ ተከላካይ ጋር ብቻውን እንዲታገል መተው ይቻል ነበር፤ ዞን ሲፈቀድ ግን ረጅሙ ኳሱ ሳይደርሰው ገና በሁለትና በሦስት ሰው ይከበባል። በ2004 ደግሞ ኳስ የሚያነጥረውን ተጫዋች በእጅ መግፋትና መያዝ በጥብቅ ተከለከለ፤ ፈጣኖቹና አጫጭሮቹ ነፃ ወጡ። በዚያው ዓመት ማይክ ዳንቶኒ የሚያሠለጥነውና ስቲቭ ናሽ የሚመራው ፊኒክስ ሰንስ ኳስ በያዘ በሰባትና በስምንት ሰከንድ ውስጥ እየወረወረ 62 ጨዋታ አሸነፈ። በፊባ ሜዳዎች ግን ዞን ከጥንትም የተፈቀደ በመሆኑ የአውሮፓ ረጃጅም ልጆች ከልጅነታቸው ከሩቅ መወርወርን ለምደዋል፤ ጀርመናዊው ዲርክ ኖቪትስኪ በ2011 ዳላስን ለሻምፒዮንነት ያበቃው በዚህ ክህሎት ነው። እኛም የምንጫወተው በፊባ ደንብ ስለሆነ ዞንን ለብቻው የሚያሸንፍ ረጅም ልጅ መጠበቅ ለእኛ ድሮም አዋጭ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስልኩ ልጆችዎን የሚያሳያቸው የኤንቢኤው ወርዋሪ ስቴፈን ከሪ ኳሱን ከእጁ ሲለቅና መረቡ ሲነቃነቅ ብቻ ነው። ሙሉውን ጨዋታ ከፍተው፣ ኳሱን ትተው እርሱን ብቻ እንዲከታተሉ ያድርጓቸው። ኳሱን ለጓደኛው ይሰጣል፤ ከዚያም ሌሎች ቆመው የሚያርፉበትን ጊዜ እርሱ ወደ ማዕዘኑ ይሮጥበታል፤ በአንዱ ጓደኛው ስክሪን (ተከላካዩን በሰውነቱ ቆሞ በሚያግድለት ጓደኛ) በኩል ያልፋል፣ ድንገት አቅጣጫ ቀይሮ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ራሱ ለረጅሙ ተጫዋች ስክሪን ይሠራል። ብቻውን ከተገኘ ምን እንደሚከተል ተከላካዮቹ ስለሚያውቁ በፍርሃት ሁለት ሆነው ይከተሉታል። በዚያች ቅጽበት ከአምስቱ አጥቂዎች አንዱ ያለ ጠባቂ ይቀራል፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ ከሪንጉ ሥር ነው። ኳሱ ለእርሱ ይደርሳል፣ በሌይ አፕ፣ ማለትም ሪንጉ ሥር ተጠግቶ በሚደረግ ውርወራ፣ ይገባል፤ ያን ሁለት ነጥብ ያስገኘው ከሪ ግን በስልኩ ቪዲዮ ውስጥ የለም። የሩቁ ውርወራ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ተከላካዩን ከሪንጉ አርቆ ጎትቶ ሜዳውን ይከፍታል። ለአንጋፋው ይህን ቢያሳዩአቸው የሚወዱት ጨዋታ እንዳልሞተ ይረዳሉ ብዬ አምናለሁ።

ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ በ2013–14 የውድድር ዓመት ከሪም ክሌይ ቶምፕሰንም እያሉት 51 ጨዋታ ብቻ ነበር ያሸነፈው፤ በቅብብል ብዛትም ከሊጉ የመጨረሻው ነበር። በቀጣዩ ዓመት አዲሱ አሠልጣኝ ስቲቭ ከር ያንኑ ቡድን ኳስ እንዲቀባበልና ያለ ኳስ እንዲንቀሳቀስ አስተማረው፤ 67 ጨዋታ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ወርዋሪዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው በውርወራዎቹ መካከል ያለው ሥራ ነው። በተቃራኒው ሂዩስተን ሮኬትስ በ2018 የምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ 27 ባለ ሦስት ውርወራዎችን በተከታታይ ስቶ ከውድድሩ ወጣ። በዓለም ደረጃ የተመረጡ ተጫዋቾች እንኳ በደከመ እግር ከሩቅ ሲወረውሩ ይህ ይደርሳል።

እንግዲህ ከላይ የሠራነውን ሒሳብ ወደ እርስዎ ሜዳ እናምጣው። የልጆቹን ትክክለኛ ቁጥር እርስዎ ቆጥረው ማግኘት አለብዎ፤ ለምሳሌ ያህል ግን አንድ የ15 ዓመት ልጅ ከሩቅ ከ100 ሙከራ 18 ቢያስገባ 54 ነጥብ ያገኛል። ያው ልጅ በሌይ አፕ ከ100 ሙከራ 45 ቢያስገባ 90 ነጥብ ነው። ኤንቢኤን ከሩቅ እንዲወረውር ያስገደደው ያው ሒሳብ የእርስዎን ልጅ ወደ ሪንጉ ይመልሰዋል። ከባለሙያዎቹ ልንወስድ የሚገባን ይህን የማስላት ልማድ ነው፤ የደረሱበትን መልስ እንዳለ መገልበጥ ግን የሌላ ሰው መድኃኒት እንደ መዋጥ ነው።

ከነጥቡም በላይ የሚያሳስበኝ የሰውነት አያያዝ ነው። አቅሙ ያልደረሰ ልጅ ከ6.75 ሜትር ሲወረውር ጠጋ ብለው ይመልከቱት። ኳሱ እንዲደርስለት መጀመሪያ ወደ ዳሌው ያወርደዋል፤ ትከሻው ይጠመዘዛል፤ ግራ እጁ መደገፉን ትቶ አብሮ ይገፋል፤ አንገቱ ወደ ኋላ ይቀናል፤ ሲያርፍም ከተነሣበት ቦታ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወድቆ ነው። ኳሱ ከደረትና ከትከሻ ጉልበት ስለተነሣ ቅስት የለውም፤ ሪንጉን ቀጥ ብሎ ይመታና በአስፋልቱ ላይ እስከ አጥሩ ድረስ ይሮጣል። ይህ እንቅስቃሴ በየቀኑ ሲደጋገም ልማድ ይሆናል፤ ልጁ በ18 ዓመቱ ጉልበት ሲያገኝ ጉልበቱ የሚጨመረው በተበላሸው አወራወር ላይ ነው። በእኔ እምነት ዛሬ ከእኛ ወጣቶች ብዙ ጥሩ ወርዋሪ የማይወጣበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ ከሩቅ መወርወር የጀመሩት በጣም ቀድመው ነው።

ከሪ ራሱ ያለፈበትን መንገድ ለልጆቹ ይንገሯቸው። በሁለተኛ ደረጃ ተማሪነቱ ቀጭንና አጭር ስለነበረ ኳሱን ከወገቡ አካባቢ አንሥቶ ይወረውር ነበር። ለ16 የውድድር ዓመታት በኤንቢኤ የተጫወተው አባቱ ዴል ከሪ ይህ አወራወር ከፍ ባለ ደረጃ በቀላሉ እንደሚታገድበት ነገረው፤ በአንድ የክረምት ዕረፍትም በግቢያቸው ባለው ሪንግ ላይ መልቀቂያውን ከራሱ በላይ እንዲያደርግ አስተካከሉት። ልጁ በዚያ ሰሞን ለሳምንታት ከሪንጉ ርቆ መወርወር አቅቶት ከቅርብ ብቻ ይለማመድ ነበር። በ2015–16 የውድድር ዓመት 402 ባለ ሦስት ያስገባው ተጫዋች አወራወሩን የሠራው ከሪንጉ ሥር ነው።

ስለዚህ ልምምዱን ከሪንጉ አንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ፣ በአንድ እጅ ብቻ በመወርወር ያስጀምሩ። ሁለተኛው እጅ ከጀርባ ይሁን። ክርን ከሪንጉ ትይዩ፣ ኳሱ በጣቶች ላይ እንጂ በመዳፍ ላይ ሳያርፍ፣ ጉልበት ታጥፎ፣ ከለቀቁ በኋላ የእጅ አንጓ ወደ ታች ተሰብሮ። ልጁ ቦርድ ሳይነካ በተከታታይ አምስት ጊዜ ካስገባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሂድ፤ አወራወሩ የተበላሸ እንደሆነ ኳሱ ቢገባም እንኳ ወደ ፊት ይመለስ። ወደ ኋላ የመሄድ መብት የሚገኘው በቅርጹ መጠበቅ መሆኑን ልጆቹ ሲረዱ እርስ በርሳቸው መተራረም ይጀምራሉ፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ከአሠልጣኝ ጩኸትም በላይ ይሠራል።

ከእጅ ቀጥሎ፣ እንዲያውም በእኔ ሚዛን ከእጅ በፊት፣ እግር አለ። ዛሬ ከሩቅ የሚያስገቡት ተጫዋቾች ኳሱ ሳይደርሳቸው ገና እግራቸውን ያዘጋጃሉ፤ የእኛ ልጆች ግን ኳሱን ከተቀበሉ በኋላ ነው እግራቸውን የሚፈልጉት፤ በዚያች ግማሽ ሰከንድ ተከላካዩ ደርሶ ይቆማል። ያለ ኳስ ሮጦ በሁለት እግር እኩል መቆምን፣ በአንድ እግር ከዚያም በሌላው መቆምን፣ አንዱን እግር ተክሎ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መዞርን በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያሠሯቸው። ለዚህ ሪንግም ብዙ ኳስም አያስፈልግም፤ ሠላሳ ልጅ በአንድ ጊዜ ይሠራዋል። የጎንደር ልጅ ደግሞ ሜዳ የሚለየው በእግር ኳስ ነው፤ ይህ ትልቅ ሀብት እንጂ እንቅፋት አይደለም። ናይጄሪያዊው ሃኪም ኦላጁዎን ቅርጫት ኳስ የጀመረው በ15 ዓመቱ ገደማ ሲሆን ከዚያ በፊት እግር ኳስና እጅ ኳስ ይጫወት ነበር፤ በ1994 እና በ1995 ሂዩስተንን ሻምፒዮን ያደረገው የእግሩ ቅልጥፍና ከዚያ የመጣ መሆኑን ራሱ ይናገራል። ፋሲል ከነማን እያዩ ያደጉ ልጆች ባዶ ቦታ ፈልጎ መሮጥንና ኳስ ሰጥቶ ወደ ፊት መሄድን አስቀድመው ያውቃሉ፤ በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ የሚረሱት ሁሉም ኳሱን በእጁ ማነጠር ስለሚፈልግ ነው።

አንድ ሪንግ ብቻ መኖሩ እንደሚመስለው ጉዳት አይደለም። ሦስት ለሦስት በግማሽ ሜዳ ያጫውቷቸው፤ ይህ ዛሬ ራሱን የቻለ ስፖርት ሆኖ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ጀምሮ በሜዳሊያ ይወዳደሩበታል። በአምስት ለአምስት ውስጥ ዓይናፋሩ ልጅ ሙሉ ጨዋታ ኳስ ሳይነካ ሊወጣ ይችላል፤ በሦስት ለሦስት ግን መደበቂያ የለም። አንድ ነገር ግን ያስተውሉ፤ በይፋዊው የሦስት ለሦስት ደንብ ከመስመሩ ውስጥ የሚገባ አንድ፣ ከውጭ የሚገባ ሁለት ነጥብ ስለሆነ የሩቁ ዋጋ እጥፍ ይሆናልና ለጀማሪዎች ያን አቆጣጠር ትተው ሁሉንም አንድ አንድ ይቁጠሩላቸው። ከዚያ በላይ ሁለት ገደቦች ያክሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማነጠር ይከልከል፤ ኳስ የተቀበለ ሁሉ ያቀብል ወይም ይወርውር። ያቀበለ ደግሞ በቦታው አይቁም፤ ወደ ሪንጉ ይቁረጥ ወይም ለጓደኛው ስክሪን ይሥራ። ልጆቹ መጀመሪያ ይማረራሉ፤ ቆይተው ግን ሜዳው ለምን እንደሚከፈትና ለምን እንደሚዘጋ በዓይናቸው ማየት ይጀምራሉ። የሰከንድ ሰሌዳ ስለሌለዎ ተራ ያልደረሰው ልጅ ከዳር ሆኖ 12 ድረስ ጮክ ብሎ ይቁጠር፤ በሦስት ለሦስት የተፈቀደው ጊዜ 12 ሰከንድ ነው።

ረጅሙን ልጅ በተመለከተ ከአንጋፋው ጋር በከፊል እለያለሁ። ከሪንጉ ሥር ብቻ አስሮ ማቆየት ልጁን ይጎዳዋል፤ ምክንያቱም በትምህርት ቤትዎ ረጅም የሆነው 1.85 ሜትር ልጅ ወደ ትልቅ ሊግ ቢሄድ ከአጫጭሮቹ ይመደባል፤ ማነጠርም ማቀበልም ካልተማረ የሚሰለፍበት ቦታ አያገኝም። ሰርቢያዊው ኒኮላ ዮኪች ከረጃጅሞቹ አንዱ ሆኖ ሳለ በኤንቢኤ ሦስት ጊዜ የዓመቱ ኮከብ የተባለው በዋናነት በማቀበል ችሎታው ነው፤ የኤንቢኤ ቡድኖች በየተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥርዓት በ2014 ሲመረጥ 41ኛ ነበር። ስለዚህ በልምምድ ላይ ረጅሙም ኳስ ይዞ ይምጣ፣ አጭሩም ከሪንጉ ሥር ጀርባ ሰጥቶ ይጫወት። ይሁን እንጂ አንጋፋው የሚያውቁት አንድ ነገር ለልጆቹ በስልክ የማይገኝ ነው፤ ቦርዱን የት ቢመቱት ኳሱ እንደሚገባ፣ ተከላካይን በትከሻ አታሎ እንዴት እንደሚዞር፣ ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰን ኳስ መያዝ) ከመዝለል በፊት በሰውነት ቦታ መያዝ መሆኑን። ፈቃዳቸው ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን ይህን ብቻ እንዲያስተምሩልዎ ይለምኗቸው።

ስለ ሴት ልጆቹ ለብቻው መናገር ያለብኝ ነገር የኳስ መጠን ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ ሴቶች የሚጫወቱት በመጠን 6 ኳስ ሲሆን ክብደቱ ከ510 እስከ 550 ግራም ነው፤ የወንዶቹ መጠን 7 ደግሞ ከ580 እስከ 620 ግራም ይመዝናል። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ያለው መጠን 7 ብቻ ስለሆነ ሴቶቹ በማይመጥናቸው ኳስ ይለማመዱና «ጉልበት የላቸውም» ይባላሉ። ይህ ትልቅ በደል ነው። ርእሰ መምህሩ ለስፖርት ዕቃ ገንዘብ ሲመድቡ ከአዲስ መለያ በፊት ሁለት መጠን 6 ኳስ ይጠይቁ፤ እስከዚያው ድረስ ሴቶቹን ከቅጣት መወርወሪያው መስመር ወደ ኋላ አያስወርውሯቸው።

መከላከልን በአጭሩ ላንሣ፤ የዛሬው ጨዋታ ከተከላካይ የሚፈልገው አንድ አዲስ ነገር አለ፤ እርሱም ከሪንጉ ሥር ተነሥቶ ወደ ወርዋሪው በሩጫ ሄዶ፣ ሳይወድቅበት መቆም ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እርምጃዎች አሳጥሮ፣ ዳሌ ዝቅ አድርጎ፣ አንድ እጅ ከፍ አድርጎ መድረስን ያለማምዷቸው። ለዚህ የሚያስፈልገው ትንፋሽ ደግሞ ከባሕር ወለል በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሮጠው ላደጉ ልጆች አይጎድልም፤ በፍጥነት መጫወትን የእርስዎ ቡድን መለያ ቢያደርጉት ሜዳችን ያግዝዎታል። መሬቱ ግን ሲሚንቶ ወይም አስፋልት በመሆኑ ዝላይን ይመጥኑ፤ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብሎ ባለው አጥንት ላይ ሕመም ከተሰማው እያነከሰ እንዲዘልል አይፍቀዱለት፤ አሳርፈው ወደ ጤና ባለሙያ ይላኩት። በክረምት ሜዳው በሚያንሸራትትባቸው ቀናት የእግር ልምምዱንና የአንድ እጅ አወራወሩን በክፍል ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ ምልክት አድርገው መቀጠል ይችላሉ።

ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 ያሸነፈው በአገሩ ውስጥ የቤት ውስጥ ሜዳ ሳይኖረው ነው። ብዙዎቹ ተጫዋቾች በስደት በሌላ አገር ያደጉ መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም፤ ሆኖም የቡድኑን አጨዋወት ለልጆችዎ ማሳየት ይጠቅማል፤ ረጃጅሞቹ ያነጥራሉ፣ ሁሉም ይሮጣል፣ ሁሉም ከየቦታው ይወረውራል፣ ከሩቅ የሚወረውሩትም ብዙ ጊዜ ኳሱ መጀመሪያ ወደ ሪንጉ ሥር ደርሶ በቅብብል ወደ ውጭ ከተመለሰ በኋላ ነው።

የሩቁን ውርወራ መቼ ልፍቀድ ለሚለው መልሴ በቁጥር የተወሰነ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ይኑረው፤ በየሳምንቱ ከአምስት ቦታ፣ ከየቦታው አሥር ጊዜ እየወረወረ ጓደኛው ይመዝግብለት፤ ሲወረውርም ቆሞ ሳይሆን በሩጫ መጥቶ፣ ኳስ ተቀብሎ ይሁን፤ በጨዋታ ላይ የሚገጥመው ይህ ነውና። ከሩቅ የሚያገኘው ነጥብ በሌይ አፕ ከሚያገኘው ጋር ሲስተካከል፣ ማለትም ሌይ አፕ ከሁለት አንዱን የሚያስገባ ልጅ ከሩቅ ከሦስት አንዱን ማስገባት ሲችልና አወራወሩ ከቅርብም ከሩቅም አንድ ዓይነት ሲሆን፣ በጨዋታ ላይ ነፃ በሆነ ቁጥር ይወርውር። እዚያ ከደረሰ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢስት እንኳ አይቆጡት፣ ከሜዳም አያውጡት፤ መወርወር የፈራ ልጅ ተከላካዩን ከሪንጉ ሥር አያስወጣም።